አንዱ ልጅ፣ አንዱ የእንጀራ ልጅ

እዚህ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ብላክስቶክ ሮድ ላይ ወገን ለቡና በተቀመጠ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ዩክሬኖቹ በመጡ ማግስት ሥራውም ቤኔፊቱም ተፈቀደላቸው፤ እኛ ምን አጥፍተን ነው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከስሜት ሳይሆን ከሕጉ እንፈልገው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ስትወር የእንግሊዝ መንግሥት በሣምንታት ውስጥ ሁለት የቪዛ መንገዶች ከፈተ። በዚያ ቪዛ የገባ ሰው ጥገኝነት መጠየቅ ሳያስፈልገው ሥራ ይሠራል፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያመለክታል። ከውጭ የመጣ ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው «ኑሮህን እዚህ መሥርተሃል ወይ?» የሚለው መስፈርት እንኳ በማርች 2022 በደንብ ተነሳላቸው። ቤቱ ላስጠጋቸው ሰውም በወር 350 ፓውንድ የምስጋና ገንዘብ ተመደበለት።

በዚያው ሰሞን በሃገራችን ሰሜን በኖቬምበር 2020 የተለኮሰው ጦርነት ገና አልበረደም ነበር። ለዚያ ጦርነት ግን የተከፈተ ቪዛ የለም። ወገናችን በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ ሲደርስ የሚጠብቀው የ1999ኙ የስደተኞች ሕግ ነው። ምንም የሌለው መሆኑን ካስረዳ መኝታ ያገኛል፤ ለምግብና ለልብሱ በ2024 የተተመነለት በሣምንት 49.18 ፓውንድ ነው። ሥራ ለመፍቀድ ደግሞ ሆም ኦፊስ 12 ወር ያስጠብቀዋል። አንዱ ልጅ፣ አንዱ የእንጀራ ልጅ ማለት ይኼ ነው!

እኛ ቀደም ብለን የመጣነው የኩፖኑን ዘመን አንረሳውም። ከ2000 እስከ 2002 ስደተኛው አብዛኛውን ድጋፍ በኩፖን ይቀበል ነበር፤ ገዝቶ የተረፈውን መልስ ሱቁ አይሰጠውም። በ2003 ደግሞ የባሰው መጣ። «ቶሎ አላመለከትክም» የተባለ ሰው ያለ መኝታና ያለ ምግብ ጎዳና ላይ የሚጣልበት አንቀጽ 55 ሥራ ላይ ዋለ። ይህን የተሟገቱት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሱዳናዊ፣ አንድ አንጎላዊና አንድ ኢትዮጵያዊ። ሱዳናዊው ብሪክስተን ውስጥ ደጅ ሲያድር ከርሟል። በኖቬምበር 2005 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ሥራ የተከለከለን ሰው ባዶ እጁን ጎዳና ላይ መጣል ኢሰብዓዊ አያያዝ ነው ብለው በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ልብ በሉ፤ ይህ ፍርድ የተገኘው በማጉረምረም ሳይሆን በመሟገት ነው።

ዛሬም ሙግት የሚሻ ነገር ሞልቷል። ወረቀት ያገኘ ሰው ከስደተኞች መኖሪያ የሚለቅበት ጊዜ 28 ቀን ነበር። በዲሴምበር 2024 ለሙከራ 56 ቀን ተደረገና በሴፕቴምበር 2025 ለነጠላ ጎልማሶች ወደ 28ቱ ተመለሰ። የዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ክፍያ ግን፣ ቅድሚያ ብድር ካልተወሰደ፣ አምስት ሣምንት ይፈጃል። እንግዲህ ደምሩት! ቤቱ የሚወሰደው ገንዘቡ ሳይደርስ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፊንስበሪ ፓርክ የሦስት ካውንስሎች፣ የኢዝሊንግተን፣ የሃክኒና የሃሪንጌይ መገናኛ ነው። ሆኖም ሆም ኦፊስ ሊድስ አስቀምጦት የነበረ ልጅ «ለንደን ወገን አለኝ» ብሎ ቢመጣ፣ ሦስቱም «ያንተ ካውንስል ሊድስ ነው» ሊሉት ይችላሉ። ስለዚህ ሻንጣ ከመሸከፍ በፊት ሕግ አዋቂ ማማከር ይበጃል።

አንዳንዱ ወገን ዩክሬኖቹን ሲያማ እሰማለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሁንብን እንጂ! እነርሱም ቢሆኑ በ2025 የተሰጣቸው ማራዘሚያ የ18 ወር ብቻ ነው፤ ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርስም። ለእነርሱ የተደረገው የሚያሳየን መንግሥት ሲፈልግ በሣምንታት ደንብ መለወጥ እንደሚችል ነው። «አይቻልም» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አያሳምነንም።

ጊዜው ደግሞ እየከበደ ነው። በኖቬምበር 2025 መንግሥት የስደተኛ ፈቃድ በየ30 ወሩ እንዲመረመር፣ ድጋፍ የመስጠት ግዴታውም እንዲቀር ማሰቡን አስታውቋል። እንግዲያስ ለየአካባቢያችን የፓርላማ ተወካይ እንጻፍ፣ ለጠበቃ እናዋጣ፤ ቋንቋ የሚያውቅ ለማያውቀው ቅጹን ይሙላለት። በፖለቲካ የምንለያይ ሁሉ በዚህ እንኳ አንለያይ።

ቸር ይግጠመን።

ከፊንስበሪ ፓርክ፣ ለንደን