ከሲፕሮ በፊት ካልቸር

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ አሳድጎ መለየት (ካልቸር) ነው ሥራዬ። ወደ እኛ የሚደርሰው የሽንት ናሙና ብዙውን ጊዜ በሽተኛው ሁለት ሦስት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ከዋጠ በኋላ የመጣ ነው። ይህ ማንንም ይጎዳል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ወገኖች ግን የበለጠ ይጎዳል።

በቅርቡ ከፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና (ኤ አር ቲ) ክፍል አንዲት እናት ተልከው መጡ። ሽንታቸው ያቃጥላቸዋል፤ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳቸዋል። «ብርድ ነው ብዬ አሞክሳሲሊን ገዛሁ ልጄ፤ ትንሽ ተወት አድርጎኝ ተመለሰ» አሉኝ። ቀጥሎ ሲፕሮ የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ታዞላቸው ጨርሰዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አያዛንፉም፤ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን (ቫይራል ሎድ) በመሣሪያ ከማይታይበት ደረጃ ደርሷል። እንዲህም ሆኖ «ከበሽታው ጋር የመጣ ነው፤ ይቻሉት» ያላቸው ባለሙያ ነበር። እሳቸውም «ሌላ ሰው ይዛለች ይሉኛል» ብለው ለወራት ደብቀውታል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአብዛኛው ከራስ አንጀት የሚመጣ ባክቴሪያ የሚያስከትለው እንጂ የአባላዘር በሽታ እንዳልሆነ የነገራቸው አልነበረም።

መጀመሪያ የሚወጣውን ትተው መሃል ላይ ያለውን በንጹሕ ዕቃ ያዙልኝ። በማግስቱ ናሙናው በተዘራበት ሳህን ላይ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በቅሏል። በባክቴሪያው ላይ መድኃኒት የተነከሩ የወረቀት ክቦችን ደረደርኩ፤ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በክቡ ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። በአምፒሲሊን፣ በኮትሪሞክሳዞልና በሲፕሮ ዙሪያ ባክቴሪያው ክቡን እስኪነካ ድረስ አድጓል። ሰፊ ቀለበት የታየው በናይትሮፉራንቶይን ዙሪያ ነበር፤ የቆየና ርካሽ መድኃኒት። ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ስላላለፈና ኩላሊታቸው ደህና ስለነበር ሐኪሙ ያንኑ አዘዘላቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኮትሪሞክሳዞልን ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከሳንባ ምችና ከሌሎች ተጓዳኝ በሽታዎች ለመከላከል በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ይወስዱታል። የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ስለሆነ ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጠው አደራ እላለሁ። ነገር ግን በየቀኑ መድኃኒት በሚደርስበት አንጀት ውስጥ የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ነው፤ ወደ ሽንት ቧንቧ የሚገባውም እሱው ነው። በዚህ ላይ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሲፕሮ ሲጨመር የሚቀረን አማራጭ ይመናመናል።

ጉዳዩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀልም። የኤች አይ ቪ ሕክምና በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ2005 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የጀመሩ ጎልማሶች ዛሬ ሸብተዋል። ዕድሜ፣ ስኳር፣ የወንዶች ፕሮስቴት፣ የሴቶች ማረጥ ሁሉም ለዚህ ኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ። ብዙዎቹ የሚወስዱት ቴኖፎቪር ደግሞ ኩላሊትን መከታተል የሚጠይቅ ነው። በዚህ ላይ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ከወጣ ጫናው ድርብ ይሆናል። በሽተኛዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ያለጊዜው ምጥ ሊያስከትልባት ይችላል።

ካልቸር ይሠራ ስል ያየነውን ባክቴሪያ ሁሉ እናክም ማለቴ አይደለም። ከነፍሰ ጡሮች በቀር ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ፀረ ባክቴሪያ ማስዋጥ በአብዛኛው ጥቅም የለውም።

«ጤና ጣቢያ ካልቸር የት አለው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የቫይራል ሎድ ናሙና ግን ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ማዕከል ይደርሳል፤ ውጤቱም ይመለሳል። ሽንት በዚያው መንገድ የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ችግሩ ሙቀት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ባክቴሪያው ይራባና ውጤቱ ያሳስታል። በፍሪጅ ቅዝቃዜ ከተያዘ ግን እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ሳጥንና የሚደርስበትን ሰዓት የሚቆጣጠር ሰው ነው። የካልቸር ክፍያም ከሕሙማኑ ኪስ መውጣት የለበትም።

ሐኪሞች ደግሞ «ውጤቱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በሽተኛው እየተቃጠለ ይጠብቅ ወይ?» ይሉኛል። አይጠብቅ። ናሙናው ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይወሰድ፤ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይጀመር፤ ውጤቱ ሲመጣ የማይሠራው ይቀየር።