የቬርዲ ቤቶችና የጠባቂዎቻቸው ዕዳ

ለንግድም ሆነ ለጉብኝት ወደ ኢጣልያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሮማንና ቬኔዚያን ተመልክቶ፤ በሚላኖም የስካላን ቲያትር አይቶ ይመለሳል። ይሁን እንጂ በፓርማና በፒያቼንዛ መካከል በተዘረጋው ለጥ ያለ የእርሻ አገር፤ «አይዳ» በተባለው ኦፔራው የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ ታሪክ ለዓለም ያሰማው የጁዜፔ ቬርዲ ቤቶች አሉ። እነዚህ ቤቶች ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚያስተምሩት ከታላላቆቹ አዳራሾች የሚያንስ አይደለም።

ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ሆነው፤ ቬርዲ በ1813 በሮንኮሌ መንደር የተወለደበት ቤት አባቱ ሸቀጥና መጠጥ የሚሸጥበት ተራ ቤት ነበር። በአቅራቢያው በቡሴቶ ከተማ ደግሞ የነጋዴው የአንቶኒዮ ባሬዚ ቤት ይገኛል። በ1832 የሚላኖ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣቱን አልቀበልም ባለ ጊዜ፤ ከሌላ መምህር ዘንድ እንዲማር ገንዘብ በማውጣት የረዳው ይህ ነጋዴ ነው። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል።

«ዜማው በሸክላና በሬዲዮ ሲሰማ፤ ቤቱን መጠበቅ ምን ይረባል?» የሚሉ አይጠፉም። ዜማው ግን የመምህሩን ደመወዝ ማን እንደ ከፈለ አይናገርም፤ የባሬዚ ቤት ግን ይናገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቬርዲ በ1848 ገዝቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የኖረበት የሳንታጋታ ቤት ነው። የወራሾቹ ንብረት ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ሲኖር፤ በክፍያው ነገር ባለመስማማታቸው ብዙ ዓመት ተሟግተው በ1922 ሳይሆን ገና ትናንት፤ በ2022 ደጁ ተዘጋ። ከዚህ በኋላ መንግሥት ካሣ ከፍሎ ቤቱን ለሕዝብ ጥቅም ለመውሰድ ተነሣ፤ በ2023ም የአገሪቱ ኦፔራ ቤቶች የቬርዲን ሥራ በማሳየት ለዚሁ ጉዳይ ገንዘብ እንዲሰበስቡ ተደረገ። መልካም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ዘግይቷል።

ቬርዲ ራሱ ግን መንገዱን አሳይቶ ነበር። በስተርጅና ለተቸገሩ የሙዚቃ ሰዎች በሚላኖ ማረፊያ ቤት አሠርቶ፤ መተዳደሪያ ደንብ አቁሞለት፤ ከድርሰቶቹ የሚገኘውን ገቢ መደበለት። በ1901 ከሞተ በኋላ በ1902 የተከፈተው ይህ ቤት፤ እርሱና ሚስቱ የተቀበሩበት ሲሆን፤ እስከ ዛሬ አረጋውያንን ይጦራል።

እንግዲህ ሁለቱን ቤቶች ማመዛዘን ነው። ያለ ደንብ በውርስ ብቻ የተላለፈው በሙግት ተዘጋ፤ ደንብና ገንዘብ የተመደበለት ግን ጸና። ስለዚህ የታላላቅ ሰዎችን ቤት ለመጠበቅ የሚያስብ አስተዳዳሪ ሕጉን፤ ነጋዴም ገንዘቡን፤ አበው እንዳሉት ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሊያዘጋጅ ይገባዋል።