ስለ ብርቅ አውቶሞቢልና ስለ መድኑ ዋጋ

ሰው ንብረቱን የሚወድበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ የሚያበላውን እርሻ ይወዳል፤ ሌላው ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ ይወዳል፤ ሌላው ደግሞ፣ በጥንት ጊዜ ባላባት በቅሎውን በመልካም ኮርቻ አስጊጦ ይኮራባት እንደ ነበረ ሁሉ፣ አንዲት ያረጀች አውቶሞቢል በጋራዥ አስቀምጦ በየእሑዱ ሲወለውላት ይውላል። ይህን ሰው ልንነቅፈው አንወድም። ነገር ግን ንብረትን መውደድና ንብረትን መጠበቅ ሁለት ነገሮች ናቸውና፣ ዛሬ በዚህ ዓምዳችን እንዲህ ያለችውን ብርቅ መኪና ዐቅም በሚፈቅደው ዋጋ እንዴት መድን ማስገባት እንደሚቻል ጥቂት ልንናገር አስበናል። በተለይም ከሁመራ ማዶ በሰቲት ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ ሐምዳይት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ገዳሪፍ ድረስ ጉዳይና ዘመድ ያላቸውን አንባቢዎቻችንን እናስባለን።

ብርቅ መኪና ሲባል በባሕር ማዶ የሚታሰበው እንደ ፌራሪ ያለው የእሽቅድምድም መኪና ነው። በ1950ዎቹ ውስጥ 36 ያህል ብቻ ከተሠሩት ፌራሪ 250 ጂቲኦ ከሚባሉት አንዱ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሐራጅ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በእኛ አገር ግን ብርቅነት ሌላ ምክንያት አለው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል፣ ሲድሌይ የተባለው የእንግሊዝ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ መኪና ለአብዛኛው ሰው ውድ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ብርቅ የምትባለው፣ አባት ለልጁ ያወረሳት ቮልስዋገን፣ የጠረፍን አቧራ የቻለች ላንድሮቨር ወይም በጥንቃቄ የተያዘች የጥንት መርሴዲስ ናት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ ከታወቀ በኋላም፣ በአገር ውስጥ ያሉት ይበልጥ የሚፈለጉ ሆነዋል። እነሆ፣ የሒሳብ መዝገብ ‹‹ዋጋዋ በየዓመቱ ይቀንሳል›› የሚላት መኪና፣ በገበያ ዋጋዋ እየጨመረ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የመድኑም ችግር ከዚህ ይጀምራል።

በአገራችን የመድን ሥራ አዲስ አይደለም። ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ1967 ዓ.ም. የግል ኩባንያዎች ተወርሰው ሥራው በመንግሥት እጅ ከተጠቃለለ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀደ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ማንኛውም ባለ መኪና በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲገባ የሚያስገድድ አዋጅ ወጣ። ይህ ግዴታ ለአዲስም ለአሮጌም መኪና አንድ ነው። ሆኖም የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው በመኪናችን የተጎዳውን ሌላውን ሰው እንጂ የራሳችንን መኪና አይደለም። ለራሷ ለመኪናይቱ ሌላ ውል ያስፈልጋል።

ይህን ውል ሲዋዋሉ ብዙ ሰዎች አንድ ዘዴ ያገኙ ይመስላቸዋል። ዓረቦኑ የሚሰላው በውሉ ላይ ከተጻፈው የመኪናይቱ ዋጋ ስለ ሆነ፣ ዋጋዋን ዝቅ አድርገው ያስጽፋሉ፤ የሚከፍሉትም ያንሳል። ግን ይህ ርካሽ የሚመስለው መንገድ ከሁሉ የከፋው ውድ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እናሳይ። መኪናይቱ በገበያ 2 ሚሊዮን ብር ታወጣለች እንበል፤ ባለቤቷ ግን በ800 ሺህ ብር አስመዘገባት። ይህ የዋጋዋ 40 በመቶ ነው። አንድ ቀን ተጋጭታ ማሠሪያዋ 300 ሺህ ብር ቢሆን፣ ባለቤቱ ‹‹ጉዳቱ ከ800 ሺህ ያነሰ ነውና ሁሉም ይከፈለኛል›› ብሎ ይጠብቃል። ኩባንያው ግን፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያልተመዘገበውን 60 በመቶ ባለቤቱ ራሱ እንደ ቻለው ቈጥሮ 120 ሺህ ብር ብቻ ይከፍላል። የቀረው 180 ሺህ ብር ከቤተ ሰቡ ጓዳ ይወጣል።

ይህ የኩባንያ ተንኰል አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ነው። ሕጉ የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑንና ካሣውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከሚያወጣው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ዋጋን ከፍ አድርጎ ማስጻፍም ዓረቦን ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ከዚህም ሌላ ሳያታልሉ የሚታለሉ አሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዕቃና የመኪና ዋጋ ሲንር፣ ከዚያ በፊት በተጻፈ ዋጋ ውላቸውን እንዲሁ ያሳደሱ ሰዎች ሳያውቁት ከዋጋ በታች መድን የገቡ ሆነዋል።

በባሕር ማዶ ለእንደዚህ ያሉ መኪናዎች የተበጀ ውል አለ። ባለቤቱና ኩባንያው አስቀድመው በአንድ ዋጋ ይስማማሉ፤ መኪናይቱ ፈጽማ ብትጠፋ ያ ዋጋ ያለ ክርክር ይከፈላል። በአሜሪካ ሐገርቲ የተባለው ኩባንያ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ዓረቦኑም ከተራ መኪና ዓረቦን ብዙ ጊዜ የሚያንሰው፣ መኪናይቱ በየቀኑ ለሥራ ስለማትነዳ፣ በተዘጋ ጋራዥ ስለምታድርና ባለቤቷ ስለሚሳሳላት ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም መድን በእውነት የሚረክሰው ዋጋን በመደበቅ ሳይሆን አደጋን በመቀነስ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ባለ መኪናው ወደ ኩባንያ ከመሄዱ በፊት፣ የጥንት መኪና ከሚያውቅ ባለሙያ የጽሑፍ ግምት ይያዝ። መኪናይቱን በውስጥም በውጭም ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ለጥገና የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ይሰብስብ። ከዚያም በአንድ ኩባንያ ሳይወሰን ሦስት አራቱን ይጠይቅ። መኪናይቱ በወር ስንት ቀን እንደምትነዳ፣ የት እንደምታድርና ማን እንደሚነዳት በግልጽ ይናገር። ከትንንሽ ጉዳት ራሱ የሚችለውን መጠን፣ ኤክሰስ የሚባለውን፣ ከፍ ለማድረግ ቢስማማ ዓረቦኑ ይቀንስለታል። አልፎ አልፎ ብቻ ለምትነዳ መኪና ሙሉውን ሽፋን መግዛት ካልቻለ፣ ከግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን ጋር የእሳትና የስርቆት ሽፋን ብቻ መጠየቅ ይችላል። ያለ ጉዳት ላለፈው ዓመት የሚደረገውንም ቅናሽ መጠየቅ አይርሳ።

አሁን ወደ ጠረፉ እንመለስ። በኢትዮጵያ ውስጥ የተገባ ተራ ውል ድንበር ሲሻገሩ አብሮ አይሻገርም። ለዚህ ሲባል የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች በ1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ስምምነት፣ ዛሬ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው መድን ተቋቁሟል። ኢትዮጵያም ሱዳንም በዚህ ውስጥ አሉበት። ካርዱን መኪናይቱን መድን ካስገባው ከራሱ ኩባንያ ማግኘት ይቻላል። ሆኖም ቢጫ ካርድ በሌላው ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት፣ እንዲሁም ለነጂውና ለተሳፋሪዎች ሕክምና ነው እንጂ፣ የራስን መኪና ግጭትና ስርቆት አይመለከትም። ብርቅ መኪናውን ይዞ ሊሻገር የሚያስብ ሰው ለራሷ ለመኪናይቱ ሽፋኑ እስከ የትኛው አገር እንደሚደርስ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። በተለመደው ውል ውስጥ ጦርነትና የእርስ በርስ ግጭት ያደረሱት ጥፋት አይካስም። ይህ አንቀጽ ለመሐል አገር ሰው በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ለጠረፍ ሰው ግን የኑሮው ዋና ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ወደ ሱዳን የገቡት ሰዎች ከ40 ሺህ በላይ ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሰቲትን ተሻግረው ሐምዳይት የደረሱት ቤታቸውንና ንብረታቸውን እንዳለ ትተው ነው። በሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ፣ የተጠጉበት አገር ራሱ ስደተኛ ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት በተጨማሪ ዓረቦን የሚሸጥ የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ሽፋን አለ፤ ግን ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር፣ በተለይም የለየለት ጦርነትን ይጨምር እንደ ሆነ፣ ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ለእመቤቶችም አንድ ቃል አለን። መኪናው የአባወራው ፍቅር ቢሆንም ዓረቦኑ የሚከፈለው ከቤተ ሰቡ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የውሉ ሰነድ፣ የዋጋው ግምት፣ ፎቶግራፉና ደረሰኙ ባልና ሚስት ሁለቱም በሚያውቁት ስፍራ ይቀመጡ፤ ግልባጫቸውም በሌላ ከተማ ባለ ታማኝ ዘመድ እጅ ይኑር። የልጆች የትምህርት ወጪና የሕክምና ገንዘብ ሳይሟላ ለጌጥ መኪና ሙሉ ሽፋን መግዛት ተገቢ አይደለም፤ መኪናይቱን ለጊዜው በጋራዥ ማሳረፍ ይሻላል። ውሉ የሚታደስበት ቀን ከመድረሱ አንድ ወር አስቀድሞም ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው፣ በሰነዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከዘንድሮው ገበያ ጋር መስማማቱን ይመርምሩ።