ጅቡስ ይሁን

ቢጠና ልጅ ሆነን ሲመሽ ጅብ ጮኸ ማለት ጨዋታ አለቀ ማለት ነበር። አያቴ ምድጃው ዳር ሆና ትነግረናለች፦ ጅብ ዘንድሮ ወንድ ከሆነ ከርሞ ሴት ነው፤ አንድ እግሩ አንካሳ ነው፤ ሲስቅ ከሰማችሁ ጠግቧል። እኔም አምኜ ነው ያደግኩት። (የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዤ እንኳ ለማጣራት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አትሳቁ!)

ለካስ ጅብ ጾታ አይቀይርም። የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ የወንዱን ስለሚመስል ነው ሰው ግራ የሚጋባው። ጭራሽ በአካልም የምትበልጠው፣ መንጋውንም የምትመራው ሴቷ ናት። አያ ጅቦ ስንል የኖርነው እትዬ ጅቦን ነው! አንካሳም አይደለም፤ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ሳቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ የፍርሃትና የጭንቀት ድምፅ ነው።

«ጥንብ በሊታ» የሚለውስ? ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታንዛኒያ፣ ንጎሮንጎሮ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሲከታተላቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ጅብ፣ ቀምቶ የሚበላው አንበሳ ሆኖ አገኘው። ሳንቲማችን ላይ ያለው ግን አንበሳ ነው፤ ፍርድ የለም። እርግጥ የእኛ አገር ጅብ፣ የሚያድነው አውሬ ስላለቀበት፣ በአብዛኛው የሚኖረው ከሰው በሚያገኘው ነው። ትግራይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞረዋል። ሕዝቡ ሲጾም የሚያለቅሰው አህያ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ የእንስሳት ሬሳ እንደሚያጸዱ ገምቷል። አባ ሰንጋ እንዳይዛመት ማለት ነው፤ ያለ ደመወዝ።

ጅብ የእኔ ጥብቅና አያስፈልገውም፤ ጥርስ አለው። ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚታማው ሰው ግን ምን አለው? በብዙ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ሲባል ኖሯል። እኛ ወላይታዎች ደግሞ ሸክላ ሠሪዎችን «ጭናሻ» ብለን ለይተን፣ «ጥንብ ይበላሉ» ብለን ከማዕድ አርቀናል። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ይኸው መቶ ዓመት አልፎታል። በጅብ ላይ የተወራውን ያጣራ ሰው ተገኝቷል። በጎረቤቶቻችን ላይ የተወራውን ግን ማጣራት ሳይሆን መተው ነው የሚያስፈልገው፤ እሱ ነው ያቃተን።

አንደኛ ደረጃ ስማር አጠገቤ የምትቀመጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አያቴ እናትየው በሠራችው ጀበና ቡና ታፈላለች፤ ልጅቷን ግን ከደጃፍ አታሳልፋትም። ክፍል ውስጥ ልጆች ከኋላዋ እንደ ጅብ ይጮሁባት ነበር። እኔ አልጮህኩም፤ ስቄ ግን አውቃለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳንደርስ ትምህርቷን ተወች።

ባለፈው ለጊፋታ ስሄድ ያ ጀበና አሁንም ምድጃው ላይ ነበር። «እማማ፣ ጅብ እኮ ጾታ አይቀይርም» አልኳት። ከት ብላ ሳቀችና «እሱስ ይሁን» አለች።

«ሸክላ ሠሪዋስ?» አልኳት።

ሁለተኛውን ቡና መቅዳት ጀመረች።