መጀመሪያ አሰልጣኙን ላኩት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ የአውቶሞቲቭ አሰልጣኙ ወርክሾፕ ውስጥ ካርቡሬተር ይፈታ ነበር። ዛሬም ይፈታል። ያ አሰልጣኝ እኔ ነኝ።

ክልከላውን አልቃወምም። ነዳጁን በዶላር እንገዛለን፤ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መኪናው እንዲለወጥ ታዘዘ፤ የመካኒኩ አሰልጣኝ ግን ማንንም ትዝ አላለውም።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ብርቱካናማውን ኬብል ያለ ጥንቃቄ የነካ ሰው ላይተርፍ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመንካቱ በፊት ኃይሉን ያቋርጣል፣ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ባዶ መሆኑን በመለኪያ ያረጋግጣል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለዚያ ቮልቴጅ የተሠራ ጓንት አጥልቆ ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ያደግኩትን እኔን ይህን በስላይድ አስተምር ይሉኛል። የሰልጣኞቹ ነፍስ በማን እጅ ነው?

70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ የምትለዋን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መርሕ ሁላችንም በቃላችን እንወጣታለን። ለሰልጣኙ ናት። ለአሰልጣኙ ሥልጠና ተብሎ የተመደበለት አዳራሽ፣ ባነር፣ ካይዘን፣ የሻይ ዕረፍት፣ ሰርተፍኬትና አበል ነው። (አበሉን አልጠላም፤ ደመወዛችንን የሚያውቅ ይፍረደኝ።) ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ ደረጃ የምንወጣው በዲግሪ ነው። ስለዚህ ጎበዙ ባልደረባዬ ማታ ማታ ማኔጅመንት ይማራል። ምን ያድርግ? ጋራዥ ውስጥ ግራሶ ቢለቀለቅ ማን ይቆጥርለታል?

በዚያ ላይ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችን ደግፍ፣ ቴክኖሎጂ አሸጋግር፣ ሪፖርት አስገባ እንባላለን። የሌለኝን ምኑን ላሸጋግር?

የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ገብቼ እንድማር የአንድ ወር ፈቃድ በደብዳቤ ጠይቄ ነበር። መልሱ «በጀት የለም» ሆነ። ኧረ እኔ ብር አልጠየቅኩም! ወር ነው የጠየቅኩት። በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በራሴ ትራንስፖርት መመላለስ ጀመርኩ። እዚያ ስካነሩን ይዞ የጠበቀኝ የቀድሞ ሰልጣኜ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ስሰድ «ቲቸር፣ እሱን እንዳይነኩት!» ብሎ ጮኸብኝ። አልተቀየምኩትም። እኔ ያላስተማርኩትን መንገድ ላይ ለቃቅሞ ተምሯል፤ ሲማር እንዴት እንደተረፈ ግን እግዜር ይወቅ።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ አሰልጣኝ በየዓመቱ አንድ ወር ደመወዙ ሳይቆረጥ ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ይግባ፤ ያ ወር ለደረጃ ዕድገቱ ይቆጠርለት። ክረምት ላይ ወርክሾፑ ጭር ስለሚል ሰበብ አይኖርም። ለቀጣዩ ሥልጠና አዳራሽ የተከራያችሁ ኃላፊዎች፣ ኪራዩን አስመልሱና ጓንት ግዙበት።