ባለቤቱ ያልተጠራበት ጉባኤ



ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእኛ ከአፉላ ነዋሪዎች መካከል ሁለት ሰዎች፣ ከብዙ አገር የመጡ የሙዚየምና የቅርስ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ለመገኘት ዕድል አግኝተው ነበር። የሄዱት ለመናገር ተጋብዘው አይደለም፤ ከኋላ ተቀምጠው ሊያዳምጡ ነው። በአንዱ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ቤተ እስራኤል የሸክላና የስፌት ሥራ ፎቶግራፍ እያሳዩ ተናገሩ። ንግግራቸው አክብሮት ነበረው፤ ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ከታዩት ዕቃዎች አንዱ ሌማት ሆኖ ሳለ ከሥሩ የጸሎት ዕቃ ነው ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ከሁለቱ አንዷ እህታችን እጇን አውጥታ «ይህ እኮ እናቴ እንጀራ የምታስቀምጥበት ሌማት ነው» ስትል አዳራሹ ሳቀ። ተናጋሪውም አመስግነው ማስታወሻ ያዙ።

እኛ ግን ይህን ስንሰማ መሳቅ አልቻልንም። በዚያ ሁሉ ምሁር መካከል ሌማትን የሚያውቅ ሰው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እህታችን ባትሄድ ኖሮ ስህተቱ ወደ መጽሐፍ ይገባ ነበር፤ ከመጽሐፍም ወደ ልጆቻችን ክፍል ይደርሳል። ነገ ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥቶ «እማዬ፣ በሌማት ትጸልዩ ነበር ወይ?» ቢለን ምን ልንመልስለት ነው?

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚህ ነው። ስለ እኛ ዕቃ፣ ስለ እኛ ጸሎትና ስለ እኛ ታሪክ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ ባለቤቱ ሊጠራ ይገባል እንላለን። ባለቤቱ ደግሞ እስኪጠራ ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም።

በመጀመሪያ የሙዚየም ሰዎች ራሳቸው ምን እንደሚሉ እንይ። የዓለም ሙዚየሞች ምክር ቤት፣ በአጭሩ አይኮም የሚባለው፣ በ1946 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ ይገኛል። በየሦስት ዓመቱም ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል። በ2019 በጃፓን በኪዮቶ ከተማ ሲሰበሰቡ «ሙዚየም ማለት ምንድን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ መስማማት አቅቷቸው ውሳኔውን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። ስለ አንድ ቃል ትርጉም ይህን ያህል መከራከር ምን ይባላል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ክርክሩ ግን የቃል ብቻ አልነበረም፤ ሙዚየም ዕቃ ሰብስቦ የሚቆልፍ ቤት ነው ወይስ ሕዝብን የሚያገለግል ቤት ነው የሚል ነበር። በነሐሴ 2022 በፕራግ በተደረገው ጉባኤ አዲሱ ትርጉም በከፍተኛ ድምፅ ጸደቀ። በእሱም ውስጥ ሙዚየም ለኅብረተሰቡ አገልግሎት የቆመ እንደሆነ፣ ሥራውንም በማኅበረሰቦች ተሳትፎ እንደሚያከናውን በግልጽ ሰፍሯል። ከዚያ በፊትም የሙዚየሞች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ሙዚየም ዕቃው ከመጣበት ሕዝብ ጋር ተቀራርቦ መሥራት እንዳለበት ያዝዝ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ የእነሱ ነው፤ እኛ አዲስ ነገር አልጠየቅንም። የምንጠይቀው የጻፉትን እንዲፈጽሙ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ሳለን እናቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ አባቶቻችን ብረት ይቀጠቅጡና ይሸምኑ ነበር። ያ እጅ ማረሻ እየሠራ ገበሬውን ያሳርሰው ነበር፤ ድስቱንና እንስራውን እየሠራ ጎረቤቱን ያበላና ያጠጣ ነበር። ምስጋናው ግን «ቡዳ» መባል ነበር። ይህን በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን አይረሱትም። ዛሬ ያ የተሰደበ የእጅ ሥራ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ መብራት ሲበራበት ስናይ ደስም ይለናል፤ ያመናልም። ደስ የሚለን ክብር ስላገኘ ነው። የሚያመን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሠራችው ሴት ስም ስለማይጻፍ ነው። የሠዓሊ ስም ከሥዕሉ ሥር ይጻፋል፤ የእናታችን ስም ለምን ይቀራል?

ዕቃችን ጥቂት የሆነበትንም ምክንያት ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። በሱዳን በኩል በእግር የመጡት ወገኖቻችን በመንገድ ላይ ዕቃ ቀርቶ ነፍስም ማትረፍ ከብዷቸው ነበር፤ በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው በሙሴ ዘመቻ የመጡት የለበሱትን ልብስ ይዘው ነው የመጡት። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻም በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ፣ ሰው ለመጫን ከአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ ነበር። አንዱ አውሮፕላን ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይዞ በረረ። ወንበር በሚነቀልበት አውሮፕላን ውስጥ ለእንስራና ለመሶብ ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በእናቶቻችን መቀነት ተቋጥሮ፣ በካህናቱ ብብት ተይዞ የመጣው ጥቂት ነገር ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው። ኦሪቱ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈ ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ጸሎት በአንድ ሽማግሌ አንደበት ብቻ ሊኖር ይችላል።

ስለ እኛ መጻፍና መሰብሰብ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የተጓዙት በ1904 ነው፤ የመጻሕፍት ስብስባቸው እስከ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1986 ቤት ሀትፉጾት ሙዚየም ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። ለደከሙት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችን በመርካዝ ክሊታ ውስጥ ዕብራይስጥ ለመማር የምንታገል ነበርን። ዛሬ ግን በአፉላ የተወለዱ ልጆቻችን ወታደር፣ መምህር፣ ነርስ፣ ጠበቃ ሆነዋል። ሌላ ሰው እንዲናገርልን የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ይሉናል፦ «ማሽካንታው አንገታችንን ይዞን ሳለ፣ ልጆቻችን በትምህርት ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ ስለ ሸክላና ስለ ሌማት ምን ያስወራል?» ጥያቄው እውነት ነው፤ አንንቀውም። ስለ ቤትና ስለ ትምህርት በዚህ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ወደፊትም እንጽፋለን። ነገር ግን እስቲ ልብ እንበል። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ልጅ «ምንም ሳትይዙ መጣችሁ» ሲባል ያምናል። አያቱ ብረት ከአፈር ለይቶ ማረሻ የሚሠራ ባለሙያ እንደነበረ የሚያውቅ ልጅ ግን በክፍሉ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ቅርስ የጠገበ ሰው ጨዋታ አይደለም፤ ልጅን ቀና አድርጎ የሚያሳድግ ነገር ነው።

ለዚህም ምሳሌ ሩቅ አንሄድም። ከአፉላ ብዙ በማይርቀው በዐይን ሐሮድ ኪቡጽ ውስጥ ትልቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። የመሠረቱት ሀብታሞች አልነበሩም፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ በአንዲት የእንጨት ጎጆ የጀመሩት ገበሬዎች ናቸው። ቋሚ ሕንፃው የተከፈተው በ1948 በጦርነቱ ዓመት ነው። እነዚያ ሰዎች እርሻ አለብን፣ ጦርነት አለብን ብለው አልተዉትም። ዳቦም ቅርስም ያስፈልጋል አሉ።

ከትውልድ አገራችንም የምንማረው አለ። ጣሊያን በ1937 የወሰደችውን የአክሱም ሐውልት በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት በ18 ወር ውስጥ መመለስ ነበረባት። ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው፤ የቆመው ደግሞ በ2008። ፊርማው ብቻውን ሐውልቱን አላመጣውም። ያመጣው ለዓመታት ደብዳቤ የጻፈ፣ ፊርማ ያሰባሰበና የጮኸ ሕዝብ ነው። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፈው ቅርስ ብዙው እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ የአጼ ቴዎድሮስ ፀጉር የተመለሰው ገና በ2019 ነው። እኛም ብንሆን ሕግ አላጣንም። በ2008 ክኔሴት ስግድን የአገሪቱ በዓል አደረገው፤ በ2012 ደግሞ የኢትዮጵያ አይሁድ ቅርስ ማዕከል እንዲቋቋም ሕግ አወጣ። ሕግ ግን ቤት እንጂ የቤቱን ዕቃ አይሰጥም። ዕቃው ያለው በእኛ ጓዳ ነው፤ ታሪኩም በሽማግሌዎቻችን አንደበት ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ስለዚህ በአፉላም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖሩ ወላጆችና ወጣቶች የሚከተለውን እንድታደርጉ እንለምናለን።

አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ዕቃ በቤታችሁ ካለ አትጣሉት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ማቀዝቀዣው ላይ አቧራ የለበሰው መሶብ ዋጋው የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። ብራና ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ፤ ቢቀደድ በፕላስተር አይለጠፍ። የቆየ ሸክላ በውሃ አይታጠብ፤ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩን መዝግቡ። ይህ የልጆች ሥራ ይሁን። ሁሉም ልጅ በኪሱ የሚቀዳ ስልክ ይዞ ይዞራል። አያቱን ያስቀምጥና ይጠይቅ፦ ማን ሠራው? በየትኛው መንደር? ለምን ይጠቅም ነበር? ስሙ በአማርኛ ምንድን ነው? በትግርኛስ? አንድ ሽማግሌ ባረፈ ቁጥር አንድ መጽሐፍ ቤት ይቃጠላል፤ ሁልጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ሳንጠይቃቸው» እያልን እንጸጸታለን።

ሦስተኛ፣ አንድ ሙዚየም ወይም ተመራማሪ ዕቃ ቢጠይቃችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። «ማታና» ማለት ስጦታ ነው፤ ከሰጣችሁ በኋላ የእናንተ አይደለም። «ሀሽአላ» ማለት ግን ለጊዜው በውሰት መስጠት ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይመለሳል። በወረቀቱ ላይ የቤተሰቡ ስም፣ የሠሪዋ ስምና የመንደሩ ስም እንዲጻፍ ጠይቁ። ከዕቃው ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ በዕብራይስጥ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም እንዲሆን፣ ከመለጠፉ በፊትም እንዲነበብላችሁ አሳስቡ። ይህ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

አራተኛ፣ ልጆቻችሁ በዩኒቨርሲቲ የሙዚየምና የቅርስ ጥበቃ ትምህርት ልማር ቢሉ «እንጀራ አያበላም» ብላችሁ አትመልሷቸው። በሚቀጥለው ጉባኤ መድረኩ ላይ መቆም ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ለሙዚየም ባለሙያዎችና ለጉባኤ አዘጋጆችም አንድ ቃል አለን። ስለ ሸክላችን ስትሰበሰቡ ሸክላ ሠሪዋን ጥሩ። ስለ ጸሎታችን ስትወያዩ ቄሱን ጥሩ። አውሮፕላኑንና ማረፊያውን ለፕሮፌሰሩ እንደምትከፍሉ ለእነሱም ክፈሉ፤ አስተርጓሚም መድቡላቸው። እንግሊዝኛ አለማወቅ ዕውቀት ማጣት አይደለም። ስድሳ ዓመት ጭቃ ያቦካ እጅ የሚያውቀውን ማንም ዲግሪ አያውቀውም።

እኛም በበኩላችን በአፉላ በማትናስ አዳራሽ ሽማግሌዎችንና ወጣቶችን ሰብስበን መመዝገብ እንዲጀመር ሐሳብ እናቀርባለን። ካሜራና ደብተር ይበቃል፤ በጀት እስኪመጣ አንጠብቅ። ዐይን ሐሮዶች በእንጨት ጎጆ ከጀመሩ እኛ በማትናስ ወንበር እንጀምር።

ያቺ እህታችን ከጉባኤው ስትመለስ እንዲህ አለችን፦ «አንድ ሌማት አዳንሁ፤ ሌላው ስንት እንደሆነ ግን እግዚአብሔር ያውቃል።» ሌላውን ለማዳን አንድ ሰው አይበቃም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሁላችን አንዳንድ እንያዝ።