ቮልስ ዘይት ማንጠባጠብ ጸባይዋ ነው ያለው ማነው?

«ቮልስ ማንጠባጠብ ካቆመች ዘይቷ አልቋል» የምትል ቀልድ አለች። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይቺ ቀልድ የምትሸፋፍነው የመኪናዋን እርጅና ሳይሆን የእኛን ስንፍና ነው።

እስቲ እንነጋገር። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዘው አየርና 2.5 ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ጎደለ ማለት ማቀዝቀዣው ጎደለ ማለት ነው። የፈሰሰው ደግሞ ከገርጂ አቧራ ጋር ተቦክቶ የሲሊንደሩን ክንፎች ይለብጣል፤ ያኔ አየሩም አይደርስም።

መፍትሔው ምንድነው ሲባል? ሲልኮን መለቅለቅ! ጎበዝ፣ ዘይት የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን እጠቡ፣ አድርቁ፣ አስነሱና ከየት እንደሚጀምር እዩ። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ከሆነ አንድ የሽቦ ማቀፊያ ማላቀቅ ነው። የቫልቭ ዘንጎቹ 8 ቱቦዎች ከሆኑ በጫፍና በጫፋቸው 16 የጎማ ቀለበት አለ፤ ቴስታታው ይነሳል። በፍሪሲዮን በኩል ከሆነ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ከማርሹ ጋር የያዙት ግን 4 ብሎኖች ናቸው።

«ሽጣትና ተገላገል» ለምትሉም መልስ አለኝ። የድሮዋ ቮልስ ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ አብቅቷል። ሀገራችንም በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏን አስታውቃለች። የቦሌን የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫዎች ዋጋ ጠይቃችሁ ተመለሱና እንቀጥላለን።

በጎማ ቀለበት የሚድን ሞተር በቀልድ አይሙት። ሳይቃጠል በቅጠል!